እጅ መሰብሰብም ሙያ ነው

ታቱ ተሠርቶለት ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ዋጋውን ከፍሎ ሳይጨርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ «ምን ልቀባው?» ይላል። አይፈረድበትም። ቁስል ያለ ቅባት አይሽርም ተብለን ነው ያደግነው፤ ለእሳት ቃጠሎ ቅቤ፣ ለተላጠ ጉልበት ጂቪ፣ ለቀረው ሁሉ ቲቲሲ። እኔ ግን ነቃሽ ለዚህ ጥያቄ የቅባት ስም ብቻ ነግሮ ደንበኛውን ከሸኘ ሥራውን በግማሽ አቋርጧል ባይ ነኝ። ይህ ሙያ እንዳስተማረኝ ከሆነ አዲስ ንቅሳት በቸልታ ከሚበላሸው ይልቅ እንክብካቤ በዝቶበት የሚበላሸው ይበልጣል። ቆዳ ራሱን መጠገን ያውቃል። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ንጽሕናና ትዕግሥት ነው፤ ከነቃሹ የሚጠበቀው ደግሞ ይህን ትዕግሥት መርፌው ከመነሳቱ በፊት ማስተማር ነው።

ምክንያቱ ቀለሙ ከሚያርፍበት ቦታ ይጀምራል። መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከላይኛው ስስ ሽፋን በታች፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ውስጥ ነው። የላይኛው ሽፋን በአራት ሳምንት ገደማ ረግፎ በአዲስ ስለሚተካ እዚያ የቀረ ቀለም መሄዱ አይቀርም። በመጀመሪያው ሌሊት አንሶላ ላይ የሚታተመው ጥቁር እዥ፣ ከቀናት በኋላ ቀለም ይዞ የሚላላጠው ስስ ቆዳም ይኸው ነው። «ታቱዬ እየለቀቀ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው እያየ ያለው ከመጀመሪያውም የማይቆየውን ክፍል ነው። ወደ ውስጥ የዘለቀውን ቀለም በአብዛኛው የሚይዙት ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ ወደ ሰውነት የገባ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የማርሴይ ተመራማሪዎች በአይጥ ጅራት ላይ ባደረጉት ጥናት እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም በቦታቸው የሚተኩት አዳዲስ ሕዋሳት መልሰው እንደሚውጡት አሳይተዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው እንዲህ እየተቀባበሉ ስለሚይዙት ነው። ስለዚህ «ቀለሙን ያጸናል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት የሚያጸናው ነገር የለም። ሥራው ከላይ ነው፤ ቀለሙ ያለው ከታች።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይሞግተኛል፤ ቁስል እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ቶሎ እንደሚድን የተረጋገጠ አይደለም ወይ? ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለው ተመራማሪ የአሳማ ቆዳ ላይ ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎችን አነጻጽሮ፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍነው እርጥበታቸውን የጠበቁት ለአየር ተጋልጠው ቅርፊት ካበጁት በእጥፍ ያህል ፈጥነው አዲስ ቆዳ እንደሚያወጡ አሳይቷል። ዛሬ ታቱ ቤቶች የሚጠቀሙበት ግልጽ ተለጣፊ ሽፋንም የዚያ ግኝት ዘር ነው። ዊንተር ግን ቁስሉ የራሱን እርጥበት እንዳያጣ ጠበቀው እንጂ ከውጭ የጨመረበት ነገር የለም። በእርጥበትና በመራስ መካከል ያለው ልዩነት ነው ብዙውን ሥራ የሚያበላሸው። ቫዝሊን እንደ ዳቦ ማርማላታ የተለቀለቀበት ክንድ እርጥበቱ ተጠበቀ አይባልም፤ ታፈነ እንጂ። ላቡና እዡ መውጫ አጥተው ቆዳው ይነጣል፣ ይላቁጣል፤ በፀጉር ሥሮች ዙሪያ ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ፤ የተፈጠረውም ቅርፊት በስብሶ ከነቀለሙ ይነሳል። መዳፍ ለሚያህል ሥራ አንዲት የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቅባት በቂ ናት፤ ተሽታ ስትጠፋ ቆዳው ማብለጭለጭ የለበትም፤ ካብለጨለጨ ትርፉ በንጹሕ ሶፍት ይነሳ።

ከዚህ በተቃራኒ «እንግዲያስ ምንም ባልቀባው አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ለቀጭን መስመር፣ ወዛም ቆዳ ላይ፣ አዎ፣ ያስኬዳል። ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ያለበት ሥራ ግን፣ በተለይ ክርንና ጉልበት አካባቢ፣ ከደረቀ በእንቅስቃሴ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቅባትን አልከለክልም፤ የምከራከረው ስለ መጠኑ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የኑሯችን ነው። አቧራው፣ የታክሲው ግፊያ፣ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ እያለ «ተወው» ማለት የቅንጦት ምክር ነው፤ ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል ይባላል። ጠንከር ያሉ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው። አልኮልና ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላሉ፤ ግን ጀርሙን ከአዲሱ ሕዋስ አይለዩም፤ ሊጠግግ ያለውን ቆዳ መልሰው ያቃጥሉታል። ጂቪ ያልጠገገ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ሠርጎ ሊቀር ይችላል፤ ንቅሳት በተሠራበት ቦታ ላይ ሌላ ያልታዘዘ ንቅሳት መጨመር ማለት ነው። ቲቲሲ ለዓይን የተሰናዳ አንቲባዮቲክ ነው፤ ያላመረቀዘ ቁስል ላይ የሚዋጋው ጠላት የለውም፤ ያለ ምክንያት በተቀባ ቁጥር ግን ጀርሞች እየተለማመዱት ይሄዳሉ። ቅቤና የገበያ ማር የምንበላቸው ናቸው፤ ከጀርም የጸዱ ስላልሆኑ ክፍት ቁስል ላይ ቦታ የላቸውም። ለቁስል የሚሠራ ማር በሕክምና አለ፤ ያ ግን ለዚሁ ተብሎ ከጀርም ጸድቶ የታሸገ እንጂ ከማሰሮ የተጨለፈ አይደለም። አቧራና ግፊያ ያለበት ሰው መፍትሔው ንጹሕና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ንጹሕ ሽፋን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መጠቅለያ ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን በላዩ ላይ ያደረ ፕላስቲክ ሙቀትና እዥ አጠራቅሞ ጀርም ያረባል።

ውሃውን በተመለከተ ከሮቶም ከጀሪካንም የተቀዳ ቢሆን ፈልቶና በርዶ ይገልገሉበት። አስቀድሞ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ከዚያ ሽታ የሌለው ሳሙና እጅ ላይ አረፋ እስኪያወጣ ይታሻል፣ አረፋው ብቻ በጣት ሆድ ንቅሳቱ ላይ ይዞራል፤ የሚያዳልጠው እዥ ሄዶ ቆዳው በጣት ሥር ያዝ ማድረግ ሲጀምር በቃ። ለብ ያለው ውሃ ከላይ ይፈስሳል እንጂ ክንዱ ሳፋ ውስጥ አይነከርም። ማድረቂያው ሶፍት ነው፤ ቀስ ብለው ጫን ጫን እያደረጉ እንጂ እየጠረጉ አይደለም። ሻወር ቤት የተሰቀለው የቤተሰብ ፎጣ ግን ከዚህ ጉዳይ ይራቅ። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ከተደረገ ሦስተኛው ትርፍ ነው። እንግዲህ የእንክብካቤው ዋና ክፍል ይኸው ነው፤ ሌላው መከልከል ነው። በተለይ በሳምንቱ ገደማ ማሳከክ ሲጀምር ጥፍር መከልከል። ይበላል፣ ያስጨንቃል፤ በመዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይቻላል፣ መቧጨርና ቅርፊት መላጥ ግን ቀለሙን ከነሥሩ ይዞ ይነሳል።

ከውጭ ተቀድተው የሚመጡ መመሪያዎች አንድ ቀዳዳ አላቸው፤ «ከቀላ ሐኪም ጋ ሂድ» ይላሉ። ይህ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል፤ ጭራሽ የማይታይበትም ጊዜ አለ፤ ዓይኑን ብቻ ያመነ ሰው ቁስሉ አመርቅዞ እያለ ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። የእጅን ጀርባ ንቅሳቱ ላይ፣ ቀጥሎም በሌላኛው ክንድ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን የንቅሳቱ ጎን ሞቅ ይላል፤ ያ የጤና ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ሕመሙ እየጠነከረ ከሄደ፣ እብጠቱ ከንድፉ ጠርዝ አልፎ ከተስፋፋ፣ መግል ከቋጠረ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ውስጥ ንፍፊት ከወጣ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ ጉዳዩ ከነቃሽ እጅ ወጥቷል፤ ጤና ጣቢያ ነው። በሌላ በኩል ቆዳው ሲላላጥ ጥቁሩ መስመር ግራጫ፣ አመድማ መምሰሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ አዲሱ ሽፋን ገና ስላልጠራ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠራል። ያን ጊዜ «ደብዝዟል» ብሎ ቅባት መደራረብም ሆነ ወዲያው ይደገምልኝ ማለት ስህተት ነው።

«አያቶቻችን ግንባራቸውን መስቀል፣ አንገታቸውን እንደ ሐብል፣ ድዳቸውን ሳይቀር ሲነቀሱ ማን ሳሙና ነገራቸው?» ይባላል። ለክርክሬ የሚጠቅም ምስክር ይመስላል፤ ድድ ላይ ቅባት አይቆምም፣ ሽፋን አይለጠፍም፣ ግን ጥቁሩ እስከ እርጅና ይዘልቃል። ቢሆንም ለራሴ ስል ብቻ አልቀበለውም። አንደኛ፣ አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ከውጭ ቆዳ ይልቅ ቶሎና ባነሰ ጠባሳ ይድናል፤ ሁለቱ አይመዛዘኑም። ሁለተኛ፣ ዛሬ የምናየው የዳኑትን ነው። ያመረቀዘባቸው፣ በአንድ እሾህ ወይም መርፌ ተራ በተራ ተነቅሰው ከሰው ደም በሽታ የተቀበሉ፣ ቆመው አይመሰክሩም። ከአያቶቻችን የምወስደው ቆዳ ሳይነካካ መዳን መቻሉን ነው፤ የመርፌውን ነገር አልወስድም።

ንጹሕ ውሃ የምለው መታጠቢያውን ብቻ አይደለም። ሶደሬ ፍል ውሃ፣ ላንጋኖ፣ የሆቴል መዋኛ፣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ይቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ታቱ ከተሠራ ከአምስት ቀን በኋላ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የዋኘ ሰው በባሕር ባክቴሪያ ተመርዞ ሕይወቱ አልፏል። ጉበቱ አስቀድሞ የታመመ ነበርና ሁሉም ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ክፍት ቆዳ በር መሆኑን ግን ያሳያል። በእኛ አገር ይህ ነገር የቀን መቁጠሪያ ጥያቄ ይሆናል። በጥር መጀመሪያ ክንዱ ላይ መስቀል የሚያሠራ ወጣት ጥምቀት ላይ በጎማ ውሃ ሲረጭ ይውላል፤ ያውም ጠራራ ፀሐይ ላይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ፀሐዩ ግን ይለበልባል። ያልጠገገ ቆዳ ላይ የፀሐይ ቅባት አይቀባም፤ የሚሸፈነው በልብስ ወይም በነጠላ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው ግን ቀጠሮውን ከበዓሉ በኋላ ማድረግ ነው። ገንዘቡ ዛሬ መጥቷል ብሎ የማይሆን ቀን የሚቀበል ነቃሽ ቁስሉ ሲበላሽ ደንበኛውን መውቀስ አይችልም።

ይህ ወደ መጨረሻው ተቃውሞ ይወስደኛል፤ «አትንካው» የሚለው ምክር ነቃሹ ኃላፊነቱን የሚያራግፍበት ዘዴ አይደለም ወይ? ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ 19 ሰዎች ንቅሳታቸው ላይ ለወራት የማይለቅ ሽፍታ ወጥቶባቸው ነበር። ጥፋቱ የአጠባበቅ አልነበረም፤ አስቀድሞ ተበጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ የመጣው ግራጫ ቀለም ራሱ ማይኮባክቴሪየም ቸሎኔ የተባለ ባክቴሪያ ነበረበት። ቤቱ ቀለም በቧንቧ ውሃ የሚያቀጥን ነቃሽ ያንኑ ዓይነት ባክቴሪያ በመርፌ ሊያስገባ ይችላል፤ ደንበኛው በሳሙና አያወጣውም። ኬሎይድም እንዲሁ ነው። ጆሮው ሲበሳ ወይም ደረቱ ሲቆረጥ ጠባሳው ያበጠበት ሰው የትኛውም ቅባት አይታደገውም፤ መጠየቅ ያለበት ንድፉ ሳይለጠፍ ነው። እና ደንበኛው እጁን እንዲሰበስብ የሚጠይቅ ነቃሽ እጅ መሰብሰብ የሚበቃው ቁስል መሥራት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ቆዳውን የፈጨ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያዥ ክንድ ነው የሚያስረክበው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ለማስተካከያ ሲመጡ ነው። ቅርፊት የተላጠበት ቦታ ድንገተኛ ክፍተት ይሆናል፤ ጠርዙ ቁርጥ ያለ፣ ዙሪያው ደህና ሆኖ መሐሉ የጎደለ። መርፌው ሳይደርስ ያለፈበት መስመር ግን ርዝመቱን ሙሉ ይሳሳል፤ ከሚገባው በላይ የገባበት ደግሞ በቆዳው ሥር ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይበተናል። የመጀመሪያውን በአነስተኛ ክፍያ፣ ሁለተኛውን በነጻ አስተካክላለሁ። ሦስተኛው አይስተካከልም፤ ለእሱ የሚወቀሰው ነቃሹ ብቻ ነው።