ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

«ሐረማያ ሐይቅ ተመለሰ» የሚለውን የምሥራች ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሄጄ አየሁት። እውነት ነው፤ ውኃ አለ፣ ወፍ አለ፣ ፎቶ ተነሺም ሞልቷል። ድሬዳዋ ላደግን ሰዎች ሐረማያ ማለት እሑድ ነበር። ሙቀቱ ሲጸናብን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ነፋስ የምንቀበለው እዚያ ነው። አሁን የጫትና የድንች ማሳው እስከ ውኃው አፍ ወርዷል፤ የሞተር ፓምፑ ድምፅም የወፎቹን ይውጠዋል።

ይሁንና የዛሬው ነገሬ ከትዝታ ጋር አይደለም፤ ከግሥ ጋር ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ» እላቸው ነበር። እስቲ «ሐይቁ ደረቀ» የሚለውን እንየው። ማን ነው ባለቤቱ? ሐይቁ! አድራጊውም ተደራጊውም እሱው፤ ራሱን በራሱ ያጠፋ ይመስላል። ሃያ ዓመት ስንናገረው የኖርነው ይህንኑ ነው። «አደረቅነው» ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ግድም ተሟጦ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ ብዙ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ዝናብና ሙቀት ድርሻ የላቸውም አልልም። ነገር ግን ሐረማያ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የሌለው፣ ጥልቀቱም ያን ያህል ያልሆነ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ተራራ ሲራቆት አፈሩ እየታጠበ ወለሉን ሞላው። የሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት ከዚያ ጠጣች፤ አወዳይም፣ የሐረማያ ከተማም ጠጡ። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ ሞተር ተከለ። እዚያው አጠገቡ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ግብርና ሲያስተምር የኖረ ተቋም አለ፤ ጥናትም አልጠፋም። ተቋሙ ዓለማያ መባሉ ቀርቶ ሐረማያ የተባለው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ስሙ ሲመለስ ውኃው ሄዶ ነበር።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የሐረር እናት ጠምቷታል፤ ገበሬው ልጆች አሉት፤ ጫት ደግሞ በዚያው ቀን አወዳይ ላይ ብር ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። መተባበርን ለማወደስ የተነገረ ነው። ግን ጥፋትም እንደ ሎሚው ነው፤ ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ማንንም አይከብደውም። ሐይቁ ሲያልቅ አንድም ሰው ሐይቅ አልወሰደም፤ ሁሉም የወሰደው ድርሻዬ ያለውን ነው።

«ተመለሰ» የሚለውስ? እሱም ያው ነው፤ ሐይቁን ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የመጣ ያስመስለዋል። ዝናቡ ደግ ሆኗል፤ እሺ። ግን ተራራው ላይ እርከን የሠሩ፣ ችግኝ የተከሉ እጆች አሉ። ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል መሳብ በመጀመሯ ሐይቁ ሸክም ቀሎለታል። እነዚህን ባለቤቶች ካልጠራናቸው፣ ምን እንዳዳነው ሳናውቅ ደግመን እንገድለዋለን።

ውኃው ዳር ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት «አባባ፣ ስንት ሞተር እንዲስብ ነው የተፈቀደው?» አልኳቸው።

«ሞተር ያለው ይስባል» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱም ግሡም በቦታቸው ናቸው። የጎደለው ልኩ ነው፦ ምን ያህል፣ እስከ መቼ፣ በማን ፈቃድ የሚለው። ይህን መወሰን የገበሬው ብቻ ሥራ አይደለም፤ የወረዳውም፣ የከተሞቹም፣ የዩኒቨርሲቲውም ነው። ሳይወሰን ቀርቶ ነገ «ሐይቁ ደረቀ» ብሎ የሚጽፍ ካጋጠማችሁ ግን፣ አደራ፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሙልኝ።