የፕሮስቴት ካንሰር የምስል ምርመራ፦ ማስረጃው ስለ የትኛው ሕመምተኛ ይናገራል?

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የምስል ምርመራ ሲነሣ ሁለት ጥናቶች ደጋግመው ይጠቀሳሉ። አንደኛው በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት መጽሔት የወጣው ፕሮሚስ ነው። ሁለተኛው በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያው መጽሔት የታተመው ፕሮ-ፒ ኤስ ኤም ኤ ነው። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ሊመረመር የሚገባው ከቢቸናና ከሞጣ ለሕክምና ለሚመጣው ሰው ምን ያህል ያገለግላሉ የሚለው ነው።

ፕሮሚስ በ576 ወንዶች ላይ ኤም አር አይን በፊንጢጣ በኩል በአልትራሳውንድ እየተመራ ከሚወሰደው ናሙና ጋር አነጻጽሯል፤ ዳኛው መላውን ዕጢ የሚያዳርስ የናሙና አወሳሰድ ነበር። አደገኛውን ካንሰር በማግኘት ረገድ ኤም አር አይ 93 ከመቶ ሲደርስ የተለመደው ናሙና በ48 ከመቶ ተወሰነ። ይህ አኃዝ በሰፊው ይታወቃል። ከጎኑ ያለው ግን እምብዛም አይነሣም፦ አደገኛ ካንሰር ከሌለባቸው ወንዶች መካከል ኤም አር አይ ነጻ ናቸው ያላቸው 41 ከመቶውን ብቻ ነው። በምስል የታየ ጥርጣሬ ስለዚህ የፓቶሎጂን ቦታ አይተካም።

ከዚህ የሚከብደው የተሳታፊዎቹ ሁኔታ ነው። ፒ ኤስ ኤያቸው በሚሊ ሊትር ከ15 ናኖ ግራም ያልበለጠ፣ ሕመሙም ከዕጢው አልወጣም ተብሎ የተገመተላቸው ነበሩ። ሽንቱ ተዘግቶ፣ ወገቡን እያመመው፣ አንዳንዴም እግሮቹ ከድተውት የሚመጣ ሽማግሌ በዚያ ጥናት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ፕሮ-ፒ ኤስ ኤም ኤ ወደዚህ ሰው ቀረብ ይላል። ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ካንሰር የተገኘባቸውን 302 ወንዶች ወስዶ፣ የካንሰሩን ሥርጭት ለመለየት ፒ ኤስ ኤም ኤ ፔት-ሲቲ 92 ከመቶ፣ ሲቲ ከአጥንት ስካን ጋር 65 ከመቶ ትክክል መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን የተለካው የምስሉ ትክክለኛነት እንጂ የሕመምተኛው ዕድሜ መርዘም አይደለም። ሕክምናውን የሚመሩት ጥናቶች ደግሞ በቀድሞው ምስል ላይ የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ቻርትድ የሕመሙን ብዛት የለየው በተለመደው ምስል ነው፤ የውስጥ አካል ሥርጭትን፣ ወይም አንዱ ከአከርካሪና ከዳሌ ውጭ የሆነ አራትና ከዚያ በላይ የአጥንት ሥርጭትን ብዙ ብሎ መድቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስታምፒድ ለፕሮስቴት የጨረር ሕክምና ጥቅም ያገኘላቸው፣ በዚሁ በቀድሞው ምስል ሥርጭታቸው አነስተኛ የተባሉት ናቸው። በፔት ብቻ የታየች አንዲት ነጥብ አንድን ሰው ከሚድኑት ረድፍ ልታወጣው ይገባል ወይ የሚለውን ጥናቱ አልመለሰም።

በምሥራቅ ጎጃም ያለው ጉድለት ከፔት ይልቅ በእጅ ያለውን መሣሪያ አነባበብ ላይ ነው። የሆድ አልትራሳውንድ የዕጢውን መጠን፣ ከሽንት በኋላ የሚቀረውን ውሃና የኩላሊትን ማበጥ በሚገባ ያሳያል። ካንሰርን ግን ከተራ እድገት አይለይም። «ፕሮስቴቱ አድጓል፣ ካንሰር አልታየም» የሚል ሪፖርት ሐኪሙን ከጣት ምርመራ የሚያዘናጋ ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። የዳሌና የወገብ ራጅም የተናቀ መሣሪያ ነው፤ ጠጣር ዕጢና እጅግ ከፍ ያለ ፒ ኤስ ኤ ባለበት ሰው ላይ በአጥንቱ ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ ጥግግቶች ብዙ ይናገራሉ። ንጹሕ ራጅ ግን ሥርጭት የለም ማለት አይደለም።

እግሮቹ መድከም የጀመሩበት ሰው ጉዳይ ከሁሉ ይለያል። እዚህ ላይ የአከርካሪ ኤም አር አይ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ዴክሳሜታሶንም የሚከለክል ነገር ከሌለ ከጉዞው በፊት ይጀመራል። ሃጊንስና ሆጅስ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳዩት የዘር ፍሬን የማውጣት ቀዶ ሕክምናም ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል የሚሠራ ነው፤ ፔትን አይጠብቅም።

ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሰው ደጀን ደርሶ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የዓባይ ድልድይም ይሻገራል። የያዘው የሪፈር ወረቀት ላይ የጣት ምርመራው ውጤት፣ ፒ ኤስ ኤው፣ ክሬአቲኒኑና የእግሮቹ ጥንካሬ ካልተጻፉ፣ ማዶ የሚቀበለው ሐኪም የመጀመሪያውን ቀን እነዚህኑ ሲፈልግ ያሳልፈዋል።