የሮበርት ኮህ የ1876 ድርሰትና የእንስሳት በሽታ የላቦራቶሪ ምርመራ ትምህርት

ስለ ባክቴሪያ ለሚያስተምር መምህር የሮበርት ኮህ ስም እንግዳ አይደለም። ስሙ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ከሚጠሩት መርሖዎች ጋር ነው። ለመርሖዎቹ መንገድ የጠረገው የ1876 ድርሰቱ እምብዛም አይነበብም (በዚህ ሐተታ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «የአባ ሰንጋ በሽታ መንሥኤ፤ በባሲለስ አንትራሲስ የዕድገት ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይሆናል። የዚህ ሐተታ ዓላማ ድርሰቱን በመመርመር፣ የቤት እንስሳትን የባክቴሪያ በሽታ በላቦራቶሪ ለይቶ ስለማወቅ ለሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚጎድል ማሳየት ነው።

ኮህ ያን ጊዜ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በቮልሽታይን ከተማ የወረዳ ሐኪም ነበር። ድርሰቱን ያወጣው የብሬስላው ዩኒቨርሲቲ መምህር ፈርዲናንድ ኮን በሚያዘጋጀው የዕፀዋት ሥነ ሕይወት መጽሔት ነው። ባክቴሪያ በዚያ ዘመን ከዕፀዋት ወገን ይቈጠር ስለነበረ፣ የከብት በሽታ ጥናት በዚያ መጽሔት መውጣቱ አያስደንቅም።

በታመሙ እንስሳት ደም ውስጥ በትር የሚመስሉ ጥቃቅን አካላት መኖራቸው ለኮህ አዲስ ነገር አልነበረም። ፈረንሳዮቹ ራዬና ዳቬን በ1850 አመልክተውታል፤ ዳቬንም በ1863 የበሽታው መንሥኤ እነዚሁ በትሮች እንደሆኑ ተከራክሯል። ያልተፈታው ጥያቄ፣ በትሮቹ በደሙ ውስጥ ብዙ ሳይቆዩ የሚጠፉ ከሆነ፣ አንድ የግጦሽ መሬት ከዓመት ወደ ዓመት ከብት የሚፈጀው እንዴት ነው የሚለው ነበር።

ኮህ ከበሬ ዓይን በወሰደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ፣ በአባ ሰንጋ ከሞተ እንስሳ ጣፊያ ጥቂት ጨምሮ፣ ሙቀቱን ጠብቆ በማይክሮስኮፕ ሥር ሰዓት በሰዓት ተከታተለው። በትሮቹ ረዝመው እንደ ክር ሆኑ፤ በክሮቹም ውስጥ የሚያንጸባርቁ ቅንጣቶች በተርታ ታዩ፤ ክሮቹ ሲፈርሱ ቅንጣቶቹ ቀሩ። እነዚህም ስፖር የምንላቸው፣ ድርቀትንና ዘመንን የሚቋቋሙ የባክቴሪያው አካላት ናቸው። አዲስ ፈሳሽ ሲያገኙ ተመልሰው በትር ይሆናሉ፤ በአይጥ ሰውነት ሲገቡም በሽታውን ያመጣሉ። ስፖሩ እንዲፈጠር አየርና ሙቀት እንደሚያስፈልግም ኮህ አስረድቷል።

የድርሰቱ ዋጋ በዚህ ላይ ይታያል። በመስታወቱ ላይ የታየው ነገር ወደ ግጦሹ ተመልሶ የገበሬውን ጥያቄ ይፈታል፤ በድኑን እንዴት ማስወገድ እንደሚገባ የሚነሣው ሐሳብም ከዚያው ይመነጫል። ስፖሩ በአፈር ውስጥ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ከኮህ ዘመን በኋላ በሚያሳዝን ሁኔታ ታይቷል። በስኮትላንድ አጠገብ ያለችው ግሩናርድ ደሴት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአባ ሰንጋ ሙከራ ውላ፣ በ1986 በመድኃኒት እስክትጸዳና በ1990 ከአደጋ ነጻ ናት እስክትባል ድረስ ለሰው የተከለከለች ሆና ቆይታለች።

ኮህ ያልተሳካለትንም አልደበቀም። አይጦችንና ጥንቸሎችን በሽታውን የያዘ ነገር ቢመግባቸው ሳይታመሙ መቅረታቸውን ጽፏል። በሽታው ወደ ከብት የሚገባው ከግጦሽ ጋር ነው ለማለት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ውጤት መተው በቻለ ነበር። ለተማሪ ከቀለም ስምና ከባክቴሪያ ዝርዝር ይልቅ ይህን አንድ ገጽ ማንበብ ይበልጥ እንደሚጠቅም እናምናለን።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ በጠብታው ውስጥ የነበሩት በትሮቹ ብቻ ስለመሆናቸው በቂ ማረጋገጫ አልቀረበም። ፓስተርና ዡቤር በ1877 ባክቴሪያውን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ደጋግሞ በማዛወርና በማቅጠን ይህን ክርክር አጠናከሩት። ኮህ ራሱም አንዱን ባክቴሪያ ከሌላው በጠጣር ማራቢያ ላይ ለይቶ የማሳደግን ዘዴ ያቀረበው በ1881 ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። የኮህ ሥራ የቆመው በትኩስ ናሙና ላይ ነው፤ የገጠሩ በድን ግን ለመርማሪው ትኩስ ሆኖ አይጠብቀውም። በ1865 ዣያርና ለፕላ የተባሉ ፈረንሳውያን በአባ ሰንጋ ከሞተች ላም የተወሰደ ደም ጥንቸሎችን ወግተው ነበር። ጥንቸሎቹ ሞቱ፤ በደማቸው ግን በትሮቹ አልታዩም። ሁለቱም ዳቬን ተሳስቷል ሲሉ ደመደሙ። ነገሩ የተፈታው ፓስተር በ1877 የመበስበስ ባክቴሪያ ቀድሞ ገብቶ ጥንቸሎቹን እንደገደለ ሲያስረዳ ነው። እንግዲህ የላቦራቶሪ ውጤት ስለ ናሙናው የተነገረ ቃል ነው፤ ናሙናው መቼና እንዴት እንደተወሰደ ካልታወቀ ስለ እንስሳው የሚነገረው ሁሉ ያጠራጥራል።

በድኑ በሞተ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሳይከፈት ከቆየ፣ የአባ ሰንጋ በትሮች በመበስበስ ባክቴሪያ እየተሸነፉ ይጠፋሉ። ከተከፈተ ግን ደሙ ከአየር ጋር ይገናኝና ስፖር ይፈጠራል። ስለዚህም በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን እንዳይከፈት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የምርመራ መመሪያ ያስጠነቅቃል፤ ከጆሮ ወይም ከሌላ የገጽ ደም ሥር የተወሰደ ጥቂት ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ ለምርመራ ይበቃል። በ1903 ማክፋድየን የገለጸው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፤ በአሮጌ ሜቲሊን ብሉ ሲቀለም በትሮቹ ሰማያዊ፣ በዙሪያቸው ያለው ልባስ ደግሞ ሐምራዊ ቀይ ሆኖ ይታያል። ለበሰበሰ ናሙና አስኮሊ በ1911 ያቀረበው የዝቃጭ ምርመራ ይረዳል፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎችም ሊያታልሉት ስለሚችሉ ብቻውን አያስተማምንም።

ይህ ሁሉ ወደ መማሪያ ክፍል ሲመጣ ምን ይሆናል? በአገራችን ገጠር የበሬ ዋጋ ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ማለት እንደሆነ መምህሩ ያውቀዋል። ሊሞት የተቃረበ ከብት ፈጥኖ ታርዶ ሥጋው ለጎረቤት የሚከፋፈልበት ምክንያት ከድህነት እንጂ ከሞኝነት አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ተማሪ የግራምን ማቅለሚያ ቅደም ተከተል በቃሉ ይዞ፣ የተነፋ በድን ለምን እንደማይከፈት ካላወቀ፣ ትምህርቱ በጣም የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ አልደረሰም። በእኛ አስተያየት ትምህርቱ ከናሙና መጀመር አለበት፤ የማቅለሚያውና የማራቢያው ነገር ከዚያ በኋላ ቢመጣ አይዘገይም።

መምህሩ በትምህርት ቤት አባ ሰንጋን እንዲነካ ማንም አይመክርም። ለዚህ ኮን መፍትሔ ትቶልናል። የኮህ ድርሰት በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት፣ ኮን ስለ ድርቆሽ ባሲለስ ጽፎ ስፖሩ መፈላትን እንደሚቋቋም አሳይቷል። ድርቆሽ የተነከረበትን ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ በሙቅ ቦታ ማቆየት፣ በላዩ የሚንሳፈፈውን ስስ ሽፋን ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ማየት ለማንም ትምህርት ቤት አይከብድም (ድርቆሹ ከብት በአባ ሰንጋ ከሞተበት ስፍራ እንዳይሰበሰብ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው)። ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤትም፣ ፈልቶ የነበረው ውሃ ተመልሶ ሲደፈርስ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር እንጨምራለን። ለወረዳ እንስሳት ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ መግዛት ሥራውን አያስጀምረውም። በመስታወት ላይ ተቀብቶ የደረቀ ደም እንደ ፈሳሽ ደም በመንገድ ላይ አይበሰብስም፤ ስለዚህ ዋጋው አነስተኛ የሆነው መስታወትና በጥንቃቄ አሽጎ የሚልከው የሠለጠነ ሰው ከመሣሪያው ቀድመው መታሰብ አለባቸው። ማቅለሚያውም እንዲሁ ነው። የማክፋድየንን ቀለም የሚሰጠው ሜቲሊን ብሉ አየር እያገኘ ለብዙ ወራት መብሰል የሚፈልግ ነው፤ ትናንት ተገዝቶ ዛሬ የተበጠበጠው ልባሱን ላያሳይ ይችላል። አዙር ቢ የተባለው ማቅለሚያ ይህን መጠበቅ ያስቀራል፤ የዕቃ ግዢ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው የሁለቱን ልዩነት ካላወቀ ግን፣ ጣቢያው ጥሩ ማይክሮስኮፕ ይዞ በትሮቹን ያለ ልባሳቸው እያየ «አባ ሰንጋ አይደለም» የሚል መልስ ለገበሬው ይልካል።