ጎረቤቷን እያየች የምትለወጥ ቃል

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሙያ የሚለካው በብርቅዬ ቃላት አይደለም። የአንድ አበባ ወይም የአንድ በሽታ ስም የሚጠራው የታወቀ ነገር ስለሆነ፣ ያንን ነገር በትክክል ከገለጹት ሥራው አለቀ። ፈተናው ሰው ሳያስበው ከአፉ በሚያወጣቸው ደቃቅ ቃላት ላይ ነው። ከእንግሊዝኛ «ኳይት» የተባለችውን የመጠን ተውሳከ ግስ እንውሰድ። አንዴ «ሙሉ በሙሉ» ትላለች፤ ሌላ ጊዜ «በመጠኑ»። እነዚህ ሁለት ፍቺዎች በጣም የተራራቁ ሆነው ሳለ ተናጋሪው አይደናገርም፤ ሰሚውም አይስትም። ከዚህ ጀርባ ያለውን ሥርዓት ፈልቅቆ በጥቂት መስመሮች ማስፈር ሊመሰገን የሚገባው የእጅ ሥራ ነው።

ዘሯ ከላቲኑ «ኩዊዬቱስ» ይመዘዛል፤ ያረፈ፣ የረጋ ማለት ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ስትገባ ከዕዳና ከግዴታ ነጻ መሆንን ታመለክት ነበር። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ ምንም ቀሪ የለምና ወደ «ፈጽሞ» መሻገሯ ተገቢ ነው። የእኛዎቹ «ጨርሶ» እና «ፈጽሞ»ም ከመጨረስና ከመፈጸም የተገኙ ናቸው። «በመጠኑ» የሚለው ፍቺ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ አሮጌውን ሳያባርር አብሮት ተቀመጠ።

ቦታ የተካፈሉበት መንገድ ድንቅ ነው። አጠገቧ ያለው ቅጽል ከፍና ዝቅ የሚል ደረጃ ካለው በእንግሊዞች አነጋገር ብዙውን ጊዜ ታለዝበዋለች፦ «ኳይት ጉድ» ሲሉ ደህና ነው፣ አይከፋም ማለታቸው ነው። ቅጽሉ ራሱ ጫፍ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ታጠብቀዋለች፦ «ኳይት ኢምፖሲብል» ከቶ የማይቻል ነው። ግሦችም ለዚሁ ሕግ ይገዛሉ። «አይ ኳይት ላይክ ኢት» ያለ ሰው ነገሩን ወደድ አድርጎታል፤ «አይ ኳይት አግሪ» ያለ ግን በሙሉ ልቡ ተስማምቷል። መውደድ ብዙ ደረጃ አለው፤ እዚህ ላይ መስማማት ግን ወይ አለ ወይ የለም።

ድምፅም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። «ኳይት ጉድ» ሲባል ጫናው «ኳይት» ላይ ካረፈ ምስጋናው ይቀዘቅዛል፤ «ጉድ» ላይ ካረፈ ይሞቃል። አሜሪካኖች ደግሞ ያንኑ ሐረግ ብዙ ጊዜ «በጣም ጥሩ» ወደሚለው አስጠግተው ይናገሩታል። ለንደን ላይ ለዘብ ያለ አስተያየት የሆነው ቺካጎ ላይ ልባዊ አድናቆት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ማስረጃ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ጄምስ መሪ እ.ኤ.አ. በ1879 የታላቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅነት ሲረከብ፣ ሚል ሂል በተባለው ቦታ ባቆመው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ 1,029 ኪሶች ያሉት መደርደሪያ አሠራ። በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ከመጻሕፍት የቀዱትን ዐረፍተ ነገር ከደራሲውና ከዘመኑ ጋር በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ ይልኩለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጉድለት አየ፤ አንባቢዎቹ እንግዳ የሆነባቸውን ቃል ሁሉ ሲለቅሙ የተለመደውን አልፈውታል። እምብዛም ለማይነገረው «አቢዩዥን» ሃምሳ ያህል ወረቀት ሲገኝ፣ ሁሉም ለሚያውቀው «አቢዩዝ» አምስት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ለተራዎቹ ቃላት ማስረጃው እንደገና መፈለግ ነበረበት። መሪ እ.ኤ.አ. በ1915 ሥራው ሳያልቅ ዐረፈ፤ «ኳይት» የምትገኝበትን ፊደል ያዘጋጀው ባልደረባው ዊልያም ክሬጊ ነበር። መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲጠናቀቅ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጥቅሶችን ይዞ ነበር። የአንዲት ትንሽ ቃል ፍቺ በአንድ ሊቅ ግምት ላይ ሳይሆን በምስክሮች ላይ የቆመው በዚህ ትጋት ነው።

ያ መዝገብ ግን የተሠራው በአመዛኙ ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ለተማሪው ያሰበው አልበርት ሆርንቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር ተማሪ የት እንደሚሰናከል አየ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ግን አያውቅም። ከጌተንቢና ከዌክፊልድ ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ውስጥ ታተመ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ኦክስፎርድ ተቀብሎ ለዓለም አሠራጨው። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚያገላብጡት የከፍተኛ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት የዚያ መጽሐፍ ዘር ነው። የሆርንቢ ጥበብ ፍቺን ከአገባብ ጋር ማጋባቱ ነው፤ ግሡ የሚገባበትን የዐረፍተ ነገር ቅርጽ፣ ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን እያመለከተ ሄደ። «ኳይት»ን የመሰለች ቃል የምትፈታው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤቷ ከለዩዋት የሚቀረው እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍቺ ነውና።

ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ሥራው ይበልጥ ይረቅቃል። «ኖት ኳይት ሬዲ» የሚለውን «ፈጽሞ አልተዘጋጀም» ብሎ የተረጎመ ሰው ነገሩን ገልብጦታል። እንግሊዝኛው «ሊዘጋጅ ጥቂት ቀረው» ሲል፣ አማርኛው «ዝግጅት የሚባል የለም» አለ። «ፈጽሞ» ከአሉታ ጋር ሲውል በር ይዘጋል፤ «ኳይት» ከአሉታ ጋር ስትውል በሩን ገርበብ አድርጋ ትተዋለች። በሌላ በኩል «ኳይት ኤ ፊው» የሚለው፣ በቃል በቃሉ «ጥቂት» እያለ ብዛትን የሚናገረው ሐረግ፣ በቋንቋችን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ወንድም አለው፦ «ጥቂት የማይባሉ»። ማለዘቡንም አማርኛ ብዙ ጊዜ ያለ ተውሳከ ግስ ይሠራዋል፤ «ሞቅ ያለ»፣ «ቀላ ያለ»፣ «ወደድ አደረገው» ስንል መጠኑ በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ተሠርቷል።

ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ጀርመን አገር ቪስባደን ላይ ያሳተመው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የሚከበረው ይህን በመረዳቱ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ለብቻው አቁሞ አቻ አይፈልግለትም፤ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይመልሳል። አንባቢው የሚያገኘው ቃሉ በሥራ ላይ እያለ ነው።

የራሳችን ደቃቅ ቃላትም ይህን ያህል ጥንቃቄ ይገባቸዋል። «ደህና ነው» ስንል ልከኛ እናደርገዋለን፤ «ደህና ብር አውጥቶበታል» ስንል ግን ገንዘቡ ብዙ ነው፤ «ደህና አድርጎ ገረፈው» ስንል ደግሞ አለመራራቱን እንናገራለን። ልጅም ሽማግሌም ይህን ሳይሳሳት ይለየዋል። ልዩነቱን በማስረጃ አስደግፎ፣ እያንዳንዱን ፍቺ ከነጎረቤቱ ለይቶ የሚያስቀምጥ አማርኛ አዋቂ የመሪንና የሆርንቢን ያህል ሙያ ይሠራል። መዝገበ ቃላት ልትገዙ ስትሄዱ ከባዱን ቃል አትፈልጉ፤ «ደህና» በሚለው ላይ ገልጣችሁ ሦስቱም መኖራቸውን እዩ።