ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን

በትኩሳት ሳቢያ የሚመጣ ማንቀጥቀጥ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይታያል። አንዳንዴ ቤተሰቡ የልጁን መታመም እንኳ ሳያውቅ ይደርሳል። ሕፃኑ ራሱን ይስታል፤ ዐይኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ እጅና እግሩ ተገትሮ መንፈራገጥ ይጀምራል። ከንፈሩ ሊጠቁር፣ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል። ለወላጅ የሞተ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል።

በቅድሚያ ሰዓት ማየት ያስፈልጋል፤ በድንጋጤ የተገመተ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይረዝማልና። ሕፃኑ ከአልጋ ወርዶ መሬት ላይ በጎኑ ይተኛል፤ ምራቁና ትውከቱ በአፉ ዳር ይፈስሳል እንጂ ወደ ጉሮሮው አይመለስም። ከራሱ ሥር የታጠፈ ነጠላ ይበቃል። የአንገቱ ቁልፍ ይፈታል፤ የከሰል ምድጃና ጀበና ከአጠገቡ ይርቃሉ።

ከባዱ ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ጎረቤት ሲሰበሰብ አንዱ ክብሪት ጭሮ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ያስጠጋል፣ ሌላው በጥርሱ መሐል ማንኪያ ለማስገባት ይታገላል። ምላስ አይዋጥም፤ ማንኪያው ግን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ክብሪቱ መድኃኒት የመሰለው ጢሱ አፍንጫ እስኪደርስ ማንቀጥቀጡ በራሱ ስለሚያበቃ ነው። እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር አይጠቅምም። ሳይነቃ ውኃም፣ ጠበልም፣ ሽሮፕም በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ፓራሲታሞል ከነቃ በኋላ ስቃዩን ያቀልለታል፤ ማንቀጥቀጡን ግን አይከላከልም።

5 ደቂቃ ካለፈ፣ አቁሞ ከተደገመ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ዲያዜፓም የተባለው ማስቆሚያ እዚያ በደም ሥር ወይም በፊንጢጣ ይሰጣል።

ቢያቆምም በዚያው ቀን መታየት አለበት። በቆላማ አካባቢ ወባ ጭንቅላት ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የማጅራት ገትርም እንዲሁ በትኩሳትና በማንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ከማንቀጥቀጡ በኋላ ጥቂት ማንቀላፋት ያለ ነው፤ አንገቱ የገተረ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ሕፃን ግን ለነገ አይባልም። ሐኪሙ ስንት ደቂቃ እንደቆየና መላ አካሉን ወይስ አንድ ጎኑን እንደያዘው ይጠይቃል፤ በስልክ የተቀረጸ ምስል ካለ ይበልጥ ይረዳዋል።

አጭሩና ቀላሉ ዓይነት አእምሮን አይጎዳም። ከሦስት ሕፃናት በአንዱ ገደማ በሌላ ትኩሳት ጊዜ ስለሚደገም፣ ልጁን የምትይዘው ሞግዚትና አያቱም ይህን አስቀድመው ይወቁት።