ባዶ ሳጥን በሰዓቱ

ንብ አናቢን በቆረጠው ማር ኪሎ መመዘን ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ባለሙያውን የምለየው ማሩ ሳይመጣ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ባዶውን የማር ሳጥን መቼና በየትኛው ቀፎ ላይ እንደሚደርብ አይቼ። ማር መቁረጥማ ጭስና ድፍረት ያለው ሁሉ ይቆርጣል። አበባው ፈክቶ ወለላው ሲጎርፍ፣ ንቦቹ ቤቱ ጠቧቸው ለሁለት ተከፍለው ከመውጣታቸው ጥቂት ቀን ቀድሞ ቦታ መስጠት ግን ዓይን ይጠይቃል።

ይህን ሥራ በወጉ ሲሠራ ያየሁት ዳንግላ አካባቢ፣ በአንድ አዛውንት ጓሮ ነው። በአዊና በጎጃም ደጋ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና መጭ ይቀድማሉ፤ ኑጉ ተከትሎ ማሳውን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል። የደረስኩት ኑጉ ገና ከዳር ከዳሩ መፈንዳት ሲጀምር ነበር። አዛውንቱ ያደጉት በባህላዊ ቀፎ ነው። በእበት የተለቀለቁ ረጃጅም ቀፎዎች ዛሬም ከቤታቸው ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጋድመዋል። በእነዚያ ቀፎዎች እጩ ወደ መግቢያው ይሆናል፣ ማሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ስለዚህ አናቢው ከኋላ ከፍቶ ይቆርጣል። የሳጥኑ ቀፎም የተጠቀመው በዚሁ ጠባይ ነው፤ እጩን ከታች፣ ማሩን ከላይ አድርጎ። «ንቡ ያው ንብ ነው፤ የተጋደመው ቤት ነው ቀጥ ብሎ የቆመው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍም አላገኘሁም።

ለቆመው ቤት የዛሬ መልኩን የሰጠው አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ ነው። በ1852 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ቀፎ ምስጢሩ ክፍተት ላይ ነው። ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ስታገኝ መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ ሰም ትገነባበታለች። የሰም እንጀራውን የያዘው የእንጨት ፍሬም ያለ ትግል ብድግ የሚለው ይህ ልክ ሲጠበቅ ብቻ ነው። አዛውንቱ አናጺም ስለሆኑ ሳጥኖቹን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሳጥን በሳጥን ላይ ከማኖራቸው በፊት ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በላይኛውና በታችኛው ፍሬም መካከል ሊኖር በሚገባው ክፍተት ልክ ይሞክሩታል። እስክሪብቶው ሳይጨናነቅም ሳይንቀዋለልም ካለፈ ይበቃቸዋል። አንዱ ሳጥን ላይ ግን ጠበበባቸውና ወደ መላጊያው መለሱት። የላጉት ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ተለኮሰ። ልጃቸው መጋረጃዋን በፊቷ ላይ አውርዳ ጭሱን ከመግቢያው ሁለት ጊዜ ብቻ ለቀቀች። ክዳኑ ተከፈተ። እኔ ያየሁት ንብ ብቻ ነው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የፍሬሞቹን አናት አየች።

«አባዬ፣ ይደረብ?»

«ቆይ እስቲ፣ ዳር ያሉትን ሁለቱን አየሻቸው?»

መሃል ያሉት ፍሬሞች አናታቸው ላይ፣ አሮጌው ቡናማ ሰም ባለበት ጠርዝ ላይ፣ አዲስ ሰም ተለጥፏል። ንጹሕ ነጭ ነው፤ በጥፍር ቢነኩት የሚፈርስ። ወለላ በብዛት መግባቱንና ንቦቹ ለግንባታ መነሣታቸውን የሚናገረው ይህ ነጭ ጠርዝ ነው። አንድ ምልክት ግን አይበቃም። ከአሥሩ ፍሬሞች ሰባት ስምንቱ በንብ ተሸፍነው መታየት አለባቸው። በዚያ ቀፎ ዳር ያሉት ሁለቱ ገና ባዶ ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥለው ያሉትም ሳስተዋል። ክዳኑ ተመልሶ ተከደነ። ከጎኑ ያለው ቀፎ ግን ንቡ እስከ ግድግዳው ሞልቶ ነጩ ሰም በሁሉም አናት ላይ ስለታየ ሳጥኑ ወዲያው ተደረበለት። ሁለቱ ቀፎዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድ ማሳ እየቀሰሙ፣ በአንድ ቀን የተለያየ ፍርድ አገኙ። በዚህ ላይ ነው ሙያው።

ታችኛው እስኪሞላ ለምን አይጠበቅም? ንብ የምታመጣው ወለላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ጊዜ አለ። ማር ሆኖ የሚታሸገው ውሃው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። እስከዚያ ንቦቹ ወለላውን በብዙ ቀዳዳ ውስጥ በስሱ አሰራጭተው በክንፋቸው እያራገቡ ያደርቁታል። ስለዚህ ያልበሰለው ወለላ ሲበስል ከሚይዘው ቦታ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ንግሥቷ እንቁላል በምትጥልበት ቀዳዳ ይገባል፤ እሷ ቦታ ሲጠባት ደግሞ መንጋው ለመከፈል ያስባል። ቀፎው ሞልቶ ሲታይ እንግዲህ ጊዜው አልፏል።

መቸኮልም ዋጋ ያስከፍላል። የደጋ ሌሊት ብርድ ነው፤ ጥቂት ንብ ሰፊ ቤት አሙቆ እጭ ማሳደግ ይከብዳታል። ያልተጠበቀ ባዶ የሰም እንጀራ ደግሞ የሰም እራት ለሚባለው እንጀራ አጥፊ ነፍሳት ግብዣ ነው።

ደርቦ መተውም የለም። ከታች የንግሥት ማገጃው ይገባል፤ ሠራተኛዋን የሚያሳልፍ፣ ንግሥቷን የሚከለክል፣ ክፍተቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ወንፊት ነው። ንቦቹ ይህን አልፈው ወደ ባዶ ቤት ለመውጣት ያመነታሉ። ስለዚህ አዛውንቱ ካለፈው ዓመት ያስቀመጡትን፣ ማር ወጥቶለት ያልተሰበረ የሰም እንጀራ መሃል ላይ ያስገባሉ። የንቦቹ የእግር ሽታ ያለበት ቤት ስለሆነ ቶሎ ይወጡለታል። ይህ አሮጌ እንጀራ ለእሳቸው ከማሩ አያንስም፤ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንብ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች ይባላልና። የሚያኖሩትም ብርሃንና ነፋስ በሚያገኘው ሰቀላ ነው፤ የሰም እራት ጨለማና እፍግታ ይወዳል።

ደስ ያለኝ ሌላ ብልሃት አለ። አሥር ፍሬም በሚይዘው የማር ሳጥን ዘጠኝ ብቻ አስገብተው እኩል ያራርቋቸዋል። ንቦቹ ክፍተቱን ለመሙላት እንጀራውን ከእንጨቱ ጠርዝ ውጭ ያወፍሩታል፤ ማሩ ሲወጣ ቢላው ሳይሰናከል የሰም ክዳኑን በአንድ ስበት ይገፍፈዋል። ይህ የሚሠራው ግን እንጀራው አስቀድሞ በተገነባ ፍሬም ነው። የታተመ ሰም፣ ማለትም ንቡ ገና ያልገነባበት ስስ የሰም ገበታ፣ ብቻ ባለበት ፍሬም ከተደረገ ንቡ በክፍተቱ ውስጥ ተጨማሪ እንጀራ ሠርቶ ሁሉንም ያጣብቀዋል። ለአዲስ ሰም አሥሩንም አጠጋግቶ መጀመር ነው።

ሁለተኛ ሳጥን ሲያስፈልግ እሳቸው አዲሱን የሚያስገቡት ከሙሉው ሥር፣ ከእጩ ሳጥን በላይ ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከላይና ከሥር መደረብን አወዳድረው በምርት ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ሞልቶ ከ25 ኪሎ በላይ የሚከብድ ሳጥን አንስቶ፣ የእኛን ቁጡ ንብ አስቆጥቶ ማስገባቱ ለማን ብሎ ነው? ይህን ስላቸው ሳቁና «ወገቡ የእኔ ነው» አሉኝ። መከራከሪያ አላገኘሁለትም።

ኑጉ መርገፍ ሲጀምር ሳጥን መደረብ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ቦታ ወለላውን በብዙ ፍሬም በትኖ ግማሽ በግማሽ ያስቀረዋል። የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፦ ፍሬሙን አግድም ይዞ አንድ ጊዜ ማርገፍገፍ። ጠብ ካለ ገና ነው። ሦስት አራተኛው ታሽጎ ምንም ጠብ ካላለ ይወጣል፤ እጭ የሌለበት፣ ጭስ ያልጠጣ ማር። የኑግ ማር ቶሎ ስለሚረጋም ማውጣቱ አይዘገይም። የታችኛውን ሳጥን አይነኩትም፤ እሱ የንቡ ነው።

ከዚያ ጓሮ ስወጣ በአጥሩ ማዶ አንድ ዘመናዊ ቀፎ አየሁ። ባለ አንድ ሳጥን ነው፤ በእርዳታ የተሰጠ። ሲሰጥ ሁለተኛ ሳጥን አልነበረውም፤ ማገጃም የታተመ ሰምም እንዲሁ። ኑጉ ባበበ ቁጥር ንቡ ይሞላል፣ ይከፈላል፣ ይወጣል። ባለቤቱ «ዘመናዊ ቀፎ ንብ አይይዝም» ይላል፤ እኔ አልፈርድበትም።

ዘመናዊ ቀፎ ለገበሬ የምታድሉ ሁሉ፦ ቁጥሩን ቀንሱና ሁለተኛውን ሳጥን፣ ማገጃውንና ጥቂት የታተመ ሰም አብራችሁ ስጡ፤ ያውም አደይ ሳያብብ። መቼ እንደሚደረብ የሚያሳይ ሰው ካጣችሁ ደግሞ ዳንግላ ወርዳችሁ ጠይቁ።