«ተቀባይ» እና «መገለጥ»፦ የሁለት ሙያዊ ቃላት ሂስ

ኦክሲቶሲን የተባለው የአንጎል ሆርሞን በአማርኛ ጽሑፎች «የፍቅር ሆርሞን» እየተባለ መጠራት ጀምሯል። ስሙ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የሳይንሱን ፍሬ ነገር ያዛባልና ልንመረምረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ቶማስ ኢንሰልና ሎረንስ ሻፒሮ በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ የሁለት ዝርያ አይጦችን አንጎል አነጻጽረው ነበር። የሜዳው አይጥ ከአንዲት እንስት ጋር ተጣምሮ ይኖራል፤ የተራራው ግን አይጣመርም። ሆርሞኑ በሁለቱም ዘንድ አለ። የተለያየው ሆርሞኑን የሚቀበሉት ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ የሚገኙበት ስፍራ ነው። በ1999 ደግሞ ላሪ ያንግና ባልደረቦቹ የሜዳውን አይጥ የቫሶፕሬሲን ተቀባይ በራሂ (ጂን) ወደ ቤተ ሙከራ አይጥ አዛወሩ። ተባዕቱም ቫሶፕሬሲን ሲሰጠው ወደ እንስቲቱ አብዝቶ መቅረብ ጀመረ።

ለምሳሌ ግሸንን እናስብ። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ምእመን እጅግ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ አምባው በገደል የተከበበ ስለሆነ የሚገባው በበሩ ነው። የተጓዡን ብዛት ተናግሮ በሩን ያልጠቀሰ ጸሐፊ ወደ አምባው እንዴት እንደሚገባ አልነገረንም። «የፍቅር ሆርሞን» የሚለውም ስም መጪውን እንጂ መግቢያውን አያሳይም።

«ተቀባይ» የሚለው ቃል ተገቢ ነው፤ «አቀባይና ተቀባይ» በቋንቋችን የቆየ ጥምረት ነውና። «የበራሂ አገላለጽ» ግን አያስኬድም። «አገላለጽ» የአነጋገር ወይም የአጻጻፍ ስልት ነው፤ በራሂ ደግሞ አይናገርም። ተከድኖ የቆየ ነገር ሲከፈት «ተገለጠ» እንላለን። ስለዚህ «የበራሂ መገለጥ» ቢባል ይሻላል። «መገለጥ» ሃይማኖታዊ ፍቺ አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሆኖም የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥም የምንጠቀመው በዚሁ ግሥ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የኦክሲቶሲን ተቀባይ በራሂያቸው ሥራውን እንዲያቆም የተደረጉ የሜዳ አይጦችም ተጣምረዋል። በሆርሞኑ ላይ ፍቅርን የለጠፈ ተርጓሚ ይህን ውጤት በምን ቃል ሊተረጉም ነው? ስለዚህ ሆርሞኑ «ኦክሲቶሲን» እንደተባለ ይቆይ፤ ሐረጉም «የሆርሞን ተቀባይ በራሂዎች በአንጎል ውስጥ በየዝርያው የሚያሳዩት የመገለጥ ልዩነት» ይባል። ሐረጉ ረጅም ቢሆንም አንባቢውን አያሳስትም።